እንደዚያ አይልም

«አክስቴ፣ እዚህ ላይ እኮ እንደዚያ አይልም» አለች የሰባት ዓመቷ ልጅ፣ ጣቷን መጽሐፉ ላይ ተክላ።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። የወንድሟ ልጅ ሚጡ አፏ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ ከገባች ጀምሮ ስለ መቀሱ፣ ስለ አዝራሩ፣ ጣሪያው ላይ ስላለው የውሃ እድፍ ስትጠይቅ ነበርና ይህንንም ከዚያው ቆጠረችው። ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስታነብ የነበረችው የራሷ ልጅ ድምፅ ድንገት ተቋረጠ። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ሚጡ ያላመኗት መሰላትና ጮክ ብላ አስረዳች፤ ይሄ ስለ ድንጋይ ነው የሚያወራው፣ ሥዕሉም ድንጋይ ነው፣ እሷ የምታነበው ግን ስለ ደም ነው አለች። እውነቷን ነው፤ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ደም ከልብ ተነስቶ እንዴት ሰውነትን ዞሮ እንደሚመለስ፣ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ እንደ ውሃ ስታወርደው ነበር። የሚጡ እናት፣ የልብስ ሰፊዋ ወንድም ሚስት፣ ልታሰፋው ያመጣችውን የመጋረጃ ጨርቅ እንደታቀፈች ጎንበስ አለችና ገጹን አየች፤ ከዚያ ልጅቷን አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። «ነይ አታስቸግሪያት» ብላ ልጇን በእጇ ሳበችና ስለ መጋረጃው ቀለበቶች ማውራት ጀመረች። ስለ ጨርቅ መወደድም አንድ ሁለት ነገር አለች፤ የቤት ሠራተኛዋ በዚህ ሳምንት ጥላት እንደሄደችም አማረረች። በሩ ላይ ስትደርስ ብቻ ዞር ብላ የስምንተኛ ክፍል ፈተና መቼ እንደሆነ ጠየቀች። በሚመጣው ወር ነው ሲሏት «አይ፣ ደርሷላ» አለችና ሄደች።

እናትና ልጅ ብቻቸውን ሲቀሩ ቤቱ ጠበበ። ሲጀመርም ሰፊ አይደለም፤ አንዲት ክፍል ናት፣ ግማሿ አልጋ፣ ግማሿ ሥራ። በመኪናውና በካውያው ጠረጴዛ መካከል በጎን ካልሆነ አይታለፍም። ያልተሰፋው ጨርቅ ያለውን አንድ ወንበር ይዞታል፤ የተሰፋው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ባለቤቱን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ሚስት ታውቃታለች። መምህር ናት፤ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆችን ፊደል ታስቆጥራለች፤ የሰው ልጅ ሲሳሳት ካየች ሳታርም የምታልፍ ሴት አይደለችም። ዛሬ ግን አይታ ዝም አለች። ሰው ሲሰድብ መልስ ይሰጡታል፤ አይቶ ዝም ያለውን ግን ምን ይሉታል?

ልብስ ሰፊዋ ፊደል አልቆጠረችም። የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠችው ታናሽ ወንድሟን ለማድረስ ብቻ ነበር፤ እሱን በር ላይ ለቅቃ እሷ ቁልፍ ልትተክል ወደ ልብስ ስፌቱ ትሮጥ ነበር። ቁጥርን ሜትሩ አስተማራት፤ ከዚያ ያለፈውን የሚያስተምራት አላገኘችም። ይሁን እንጂ ልጇን ከማስጠናት አልቦዘነችም። ማታ ማታ መኪናዋን እየረገጠች «ጮክ ብለሽ አንብቢ» ትላታለች። መጽሐፉ የሚለውን ስለማታውቅ የምትመረምረው በጆሮዋ ነው፤ ድምፁ እንደ ጥሩ ስፌት ሳይዘል ከሄደ ልጅቷ ገብቷታል ማለት ነው፤ ከተንተባተበች አልገባትም፣ እንደገና። ሲደናቀፍ እግሯን ከፔዳሉ ታነሳለች፤ መኪናው ዝም ሲል ልጅቷ ትደነግጣለች። ብልሃቱ የራሷ ፈጠራ ነበርና ትኮራበት ነበር። ጎረቤቱም በሳንቃው ግድግዳ በኩል ሲሰማ ኖሮ ልጅቷን ሬዲዮ ብሎ ሰየማት። አንዳንዷ እናት የገዛ ልጇን «የሬዲዮን ግማሽ እንኳ ብትሆኚ» እያለች ታሳቅቅበታለች። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ደረቷ በኩራት ይነፋል፣ አፏ ግን «ኧረ ተዉ፣ ዓይን እንዳይበላት» ይላል።

የዚህ ሁሉ ድካም ግቡ አንድ ነው። ወንድሟ ተምሮ ባንክ ገባ፤ መምህር አገባ፤ ፎቅ ላይ ቤት ተከራየ። ባለፈው ዓመት በገዛ አፉ፣ ልጅቷ ስምንተኛን ካለፈች እኛ ዘንድ ትምጣ አለ፤ ሰፈራቸው ያለው ሁለተኛ ደረጃ ጥሩ ነው፣ የኋላው ክፍል ባዶ ነው፣ ከዚያ እየተመላለሰች ትማር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋ ልጇን በሐሳቧ ስንት ጊዜ ወደዚያ ክፍል አስገብታ መጻሕፍቷን ደርድራላታለች። ለራሷ ምንም አትመኝም። ልጅቷ ብቻ ከዚህ መኪና ሥር ትውጣ እንጂ።

ልብስ ሰፊዋ ከአልጋው ላይ መጽሐፉን አነሳች። እውነትም ድንጋይ ተሥሎበታል። ስንት ማታ ይህ መጽሐፍ እዚች ክፍል ውስጥ ሲገለጥ፣ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብላ ሥዕሉን አላየችም፤ ጆሮዋን ብቻ ነበር ያመነችው። «ይሄን አንብቢ» ብላ ሰጠቻት። ልጅቷ መጽሐፉን ተቀበለችና ድንጋዮች በሦስት እንደሚከፈሉ፣ አንዱ ከእሳት፣ አንዱ ከደለል እንደሚሠራ ቀጥ ባለ ድምፅ አወረደችው። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ልብስ ሰፊዋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ድምፅ ምንም አላለላትም። ይሄ እዚያ ላይ የተጻፈው ይሁን ሌላ፣ በምን ታውቃለች? ማንን ጠርታ ታሳይ? ልጇን ልትጠረጥራት ማስረጃ የላትም፤ ልታምናትም ሚጡ ያለችው አላስቻላትም። ምን ይዋጣት?

አንድ ደንበኛ ኮቱን ይጠብቅ ነበርና ይዘሽልኝ ነይ ብላ ልጅቷን አስከተለቻት። መንገድ ላይ እንደ ቀልድ አድርጋ በየሱቁ በር ያለውን ሰሌዳ እያመለከተች አስነበበቻት። ዳቦ ቤት፣ አለች ልጅቷ። መድኃኒት ቤት። ፎቶ ቤት። ሁሉም ትክክል ነው፤ ግን ይሄንንማ ልብስ ሰፊዋም «ታነበዋለች»፤ ዳቦው በመስኮት ይታያል፣ ፎቶውም ደጅ ላይ ተሰቅሏል። እየሄዱ መታጠፊያው ጋ ደረሱ። እዚያ የነበረው ሰዓት ጠጋኝ ለቅቆ ነበር፤ በሩ ተዘግቷል፤ አንድ ቀለም ቀቢ መሰላል ላይ ወጥቶ የአዲሱን ባለቤት ሰሌዳ ጽፎ እየጨረሰ ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። «ያንንስ?» አለች እናትየው።

ልጅቷ ቆመች። ረጅም ጊዜ አየችው። የኮቱን መስቀያ ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ከዚያ ቀስ ብላ «ሰዓት ጥገና» አለች። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ልታምናት ምን ያህል እንደፈለገች እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ግን ቀና ብላ ቀለም ቀቢውን፣ ምን ይላል ወንድሜ፣ ብላ ጠየቀችው። «የሕፃናት ልብስ» አላቸው ከላይ ሆኖ፣ ከዚያም ሳቀ፤ ለሁለት አንድ ሰሌዳ ካቃታችሁስ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፊደሉን አሳምሬ አልጻፍኩትም ማለት ነው፣ ብሎ ብሩሹን ጠራረገ። ደግ ሰው ነበር። እናትና ልጅም ሰውየውን ላለማሳፈር አብረውት ፈገግ አሉ።

ኮቱን አድርሰው ሲመለሱ ልጅቷ ሳትጠየቅ ነገረቻት። ሁለተኛ ክፍል እያሉ አስተማሪያቸው ለወሊድ ወጣች፤ ምትክ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ፤ አንድ ዘበኛ እየገባ ዝም ያሰኛቸው ነበር። ቤታቸው የሚያሳያቸው ሰው ያላቸው ልጆች በዚያው ዓመት ማንበብ ለመዱ፤ እሷ አልለመደችም። ሦስተኛ ክፍል ስትገባ አስተማሪው ሁሉም እንደሚያነብ አድርጎ ጀመረ። ያን ጊዜ አላውቅም ማለት አፈረች፤ ሲውል ሲያድር ደግሞ የማይባል ነገር ሆነ። አብራት የምትቀመጠው ልጅ እናት ነርስ ናት፤ ያቺ ጓደኛዋ ወደ ቤት ሲሄዱ መንገዱን ሁሉ መጽሐፉን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እሷ አንዴ ወይም ሁለቴ ከሰማች አይጠፋትም። ማታ ለእናቷ የምታነበው ያንን ነው። መጽሐፉን የምትገልጠው በግምት ነው፤ ዛሬ ግምቷ ሳተ። ፈተና ሲመጣ ደግሞ አጠገቧ የተቀመጠችው የከበበችውን መልስ ትከባለች። ይህን ሁሉ አንገቷን ደፍታ፣ በዚያው በማይደናቀፈው ድምጿ ነገረቻት።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ብነግርሽ ታስተምሪኝ ነበር?»

ልጅቷ ይህን ያለችው ለመውጋት አልነበረም፤ የእውነት መጠየቋ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መንገዱ መሃል ቆመች። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው ግን የሚያርፍበት አጣ። ካፈረች ያፈረችው በራሷ ነው። ለካ ያ ሁሉ ማታ ማስጠናት ልጅቷን አንድ ነገር ብቻ አስተምሯታል፤ እንዴት እናቷን እንደምታስደስት።

ቅዳሜ ከሰዓት ለተፈታኞች ማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ልጅቷ ስትሄድ እናትየውም ነጠላ ጫማዋን ለውጣ ተከተለቻት፤ ግን አብራት አልገባችም፤ ክፍሉ እስኪለቀቅ በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀች። በመስኮቱ የተደራረበ የልጅ ራስ ይታያል፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ አንዳንዱ ላይ አምስት። የክፍሉ ኃላፊ መምህር እጅጌው ጠመኔ የጠገበ ወጣት ነበር። ጉዳዩን ስትነግረው አልደነገጠም፤ ያ ነው ያስደነገጣት። ልጅቷን ወዲያው አወቃት። ከክፍሉ ሁሉ ያማረ የእጅ ጽሑፍ የእሷ ነው አለ፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንድም ሳታጓድል ትገለብጣለች፣ እንዲያውም ለሌሎች በምሳሌነት ያሳያል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ልጇ ምን ስታደርግ እንደኖረች ገባት። እሷም ራሷ የሰው ልብስ ቅድ ካርቶን ላይ ዘርግታ ጠርዙን እየተከተለች ትገለብጣለች፤ ቅዱን ለመገልበጥ ልብሱን መልበስ አያስፈልግም። መምህሩ ደግሞ እሷ ብቻ እንዳትመስልዎት አለ፤ ከኋላ የሚቀመጡት ሁሉ ያው ናቸው፤ ወደ ቀጣዩ ክፍል አሳልፉ ይባላል፣ እናሳልፋለን። ከዚያ፣ ጥፋቱን ወደ እሷ ለመግፋት ሳይሆን እንዲያው ወግ ሆኖበት፣ ቤት ውስጥ የሚከታተላት ሰው እንዳለ ጠየቃት።

«እኔ ነኝ» አለችው።

«እርስዎ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምረዋል?»

እንዳልተማረች ነገረችው። መምህሩ፣ ሐኪም የቤተሰብ በሽታ ሲነገረው እንደሚያደርገው፣ ነገሩ አሁን ገባኝ በሚል ራሱን ነቀነቀ። እናቷን አይተህ ልጇን አግባ የሚባለው ለጋብቻ ብቻ የተተረተ ይመስላት ነበር፤ ለካ ለትምህርት ቤትም ይሠራል። ተናዳ አታውቅም፣ ያን ጊዜ ግን ተናደደች።

«እኔ እኮ ስለማላውቅ ነው እናንተ ዘንድ የላክኋት» አለችው።

መምህሩ እጅጌው ላይ ያለውን ጠመኔ አራገፈ። ከዚያ፣ ቤተሰብ ውስጥ የተማረ ሰው ካለ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት ቢያስቀምጣት ጥሩ እንደሆነ፣ ለዘንድሮ ፈተና ግን እንደማይደርስ በትህትና ነገራትና ቀጣዩ ክፍል እየጠበቀው ስለነበረ ገባ።

የተማረ ሰው አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሟ ቤት ደረሰች። ደረጃውን ስትወጣ እንዴት አድርጋ እንደምትጀምር ስታብላላ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ግን ወንድሟ ዓይኗን ሸሽቶ ሲስማት ሁሉም ነገር ቀድሟት እንደደረሰ አወቀች። ሻዩን ራሱ አፍልቶ ራሱ አቀረበ፤ ዕቃው በየቦታው ተከምሯል፤ ሠራተኛ ያጣ ቤት መሆኑ ያስታውቃል። ሚጡ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ የቤት ሥራዋን እየሠራች ጮክ ብላ ታነባለች። አንድ ቃል ላይ ተሳሳተች። ወንድሟ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ቃሉን አስተካክሎ ተናገረ፤ ልጅቷም ደገመችውና አለፈች። ጥቂት ቆይታ ስትሳሳት ደግሞ እናቷ ከማድ ቤት ውስጥ ሆና፣ ሳህን እያጠበች፣ አረመቻት። ማንም አስጠናኋት አላለ፤ ማንም አልደከመም። ልብስ ሰፊዋ ሻዩን እንደያዘች ይህን ስታይ፣ እሷ ስንት ዓመት ስትረግጥ ያልደረሰችበትን እነዚህ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው እንደሚያደርጉት ተመለከተች። አልቀናችም።

ልመናዋን አሳጠረችው። ልጅቷ በየማታው እየመጣች የወንድሟ ሚስት ከፊደል ጀምራ እንድታስተምራት ጠየቀች፤ የሰማችውን የማትረሳ ልጅ ናት፣ አንዴ ካሳዩዋት ትይዘዋለች አለች። የወንድሟ ሚስት እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ተቀመጠችና በእርጋታ አስረዳቻት። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስተምር እንደምትውል፣ ማታ ለራሷም ልጅ አቅም እንደማይተርፋት፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላትን ልጅ ማስተማር ደግሞ ሕፃን እንደማስተማር እንዳልሆነ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንደሚፈልግ ነገረቻት። ውሸት አልነበረበትም፤ ፊቷም ላይ ድካሙ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው። ስለ ቁልፎቹ፣ በልጅነቷ በመርፌ ስለተበሳሱት ጣቶቿ፣ በር ላይ ለቅቃው ስትሮጥ ወደኋላ ዞራ ታየው ስለነበረበት ጠዋት የምትናገረው ነገር አፏ ድረስ መጣ። ወንድሟም የሚመጣውን ያወቀ ይመስል ብርጭቆው ውስጥ አቀረቀረ። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችውና ለመሄድ ተነሳች።

እስከ ታችኛው ደረጃ ሸኛት። እዚያ ሲደርሱ ነው የተናገረው።

«እታለም፣ ልጅቷ ትምጣ ግን። ክፍሉ ያው ባዶ ነው። ሚጡን ከትምህርት ቤት ትቀበልልናለች፣ ቤቱንም ታግዛለች፣ ባዳ ከምንቀጥር። ማታ ማታ ደግሞ ሚጡ ፊደሉን ታሳያታለች፤ ለሷም ክለሳ ይሆናታል።» ቀጥሎም «ከሰኞ ጀምሮ ብትመጣ ጥሩ ነው» አለ።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከእሱ የተሻለ ነገር ያቀረበላት ሰውም በዚህች ከተማ የለም። ስለ ፈተናው እሱም አላነሳም፣ እሷም አላነሳችም። ትከሻውን መታ መታ አድርጋ፣ ለልጅቷ እነግራታለሁ ብላ ሄደች። መንገዱን ሁሉ እንቢ የምትልበትን ምክንያት ፈለገች፤ የምታገኘው ሁሉ ኩራት ብቻ ሆነባት፤ በኩራት ደግሞ ማንም ማንበብ አልተማረም።

ቤት ስትደርስ ልጅቷ ቤቱን ጠርጋ፣ የጨርቁን ቁርጥራጭ ሰብስባ ጠበቀቻት። ምን አሉ አለቻት። ትምጣ ብለዋል አለች ልብስ ሰፊዋ። ልጅቷ ሳላልፍም ወይ ብላ ጠየቀች፤ ሳታልፊም አለቻት። ፊቷ በራ። ያ ብርሃን እንዳይጠፋ ልብስ ሰፊዋ ነገሩን እዚያ ላይ ልታቆመው ፈለገች፤ ነገር ግን አንዷ ሌላዋን እያስደሰተች የኖሩበት ነገር ዛሬ ምን እንዳደረሳቸው አይታለችና ሁሉንም ነገረቻት፤ የቤቱን ሥራ፣ ሚጡን መቀበሉን፣ ማታ ማታ የምታስተምራት ማን እንደሆነች።

ልጅቷ አላለቀሰችም።

«ይሁን» አለች። «ከሰው ሁሉ ቀድማ አለማወቄን ያወቀች እሷ ናት።»

ከዚያ ተነስታ ልብሶቿን እያጣጠፈች ፌስታል ውስጥ ትከት ጀመር። ብዙ አልነበሩም። በመጨረሻ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ከሚስማሩ አወረደችና በሁለት እጇ ይዛው ወደ እናቷ ዞረች።

«ይሄንንስ ልያዘው?»

ልብስ ሰፊዋ ያዢው ልትል አፏን ከፈተች። እጇን ዘርግታ ልብሱን ተቀበለች፤ ከልማድ የተነሳ ጫፉን ገልብጣ አየችው። ልጅቷ ስታድግ እየፈታች ልታስረዝመው ብላ ወደ ውስጥ አጥፋ የሰፋችው ትርፍ ጨርቅ አለ፤ ለሁለተኛ ደረጃም እንዲደርስ አስባ አብዝታ ነበር የተወችው፣ አራት ጣት ያህል። አንዴም አልተፈታም።

«ተይው» አለቻት። «ለሌላ ሰው ልጅ አስተካክለዋለሁ።»